አብሮ ማደርና አብሮ መሥራት፦ የተለያየ አስተዳደግ ስላላቸው ተማሪዎች

ኢትዮጵያ ከሰማንያ የማያንሱ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር እንደ መሆኗ፣ የወጣቶቿ አስተዳደግ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በልማድ የተለያየ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመደንገጉ፣ ብዙ ሕፃናት በሚገባቸው ቋንቋ ለመማር በቅተዋል። በአንጻሩ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሌላ ቋንቋ ከሚናገሩ እኩዮቻቸው ጋር በቅርብ የሚተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ ገብተው በአንድ መኝታ ክፍል ማደር ሲጀምሩ ነው።

ይሁን እንጂ አብሮ ማደር ብቻውን መግባባትን አያስገኝም። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡት ብሔርን መነሻ ያደረጉ ግጭቶች የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል።

የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን በይበልጥ የሚቀንሰው አራት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። እነዚህም፦ በእኩልነት መተያየት፣ የጋራ ዓላማ መኖር፣ ተባብሮ መሥራትና የኃላፊዎች ድጋፍ ናቸው።

ይህ አሳብ በክፍል ውስጥ በተግባር ሊውል እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ፣ ቀድሞ ተለያይተው ይማሩ የነበሩ የነጭ፣ የጥቁርና የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች በአንድ ክፍል ሲደባለቁ ጠብ በረከተ። ኤሊየት አሮንሰንና ረዳቶቹ አንዱን ትምህርት ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ድርሻ ሰጡ። ልጁ ድርሻውን አጥንቶ ለጓደኞቹ ካላስረዳ የቡድኑ ትምህርት ስለማይሟላ፣ ይናቅ የነበረው ልጅ ተደማጭ ሆነ።

የእኛም መምህራን ከዚህ የሚወስዱት አለ። ተማሪዎች ቡድናቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ቢተዉ እያንዳንዱ ወደሚመስለው ማድላቱ አይቀርም። ስለዚህ መምህሩ ራሱ አደባልቆ መመደብና ለእያንዳንዱ ድርሻ ለይቶ መስጠት ይገባዋል። ለምሳሌ ስለ ምግብ አመራረት በሚጠና ጊዜ አንዱ ስለ እንሰት፣ ሌላው ስለ ጤፍ፣ ሦስተኛው ስለ ከብት እርባታ ከቤተ ሰቡ ያየውን ሊያስረዳ ይችላል። ሆኖም በከተማ ያደገውን ልጅ በስሙ ብቻ ገምቶ የብሔሩ ቃል አቀባይ ማድረግ ስሕተት ነው።

የዚህ ሁሉ ዓላማ ልዩነትን መደምሰስ አይደለም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እርዳቸው ተለይቶ በአንድ ድግስ መታደማቸው በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የቆየ ልማድ ነው፤ ልዩነቱ ታውቆ ስለተከበረ ድግሱ አልፈረሰም። ትምህርት ቤትም ይህን ልማድ ለወጣቱ በሥራ ሊያስተምረው ይገባል።