ጎማ ከቸርኬው ሲለቅ
የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ ሊያውቀው ስለሚገባ የመንገድ ላይ ሥራ

የንግድ ሥራ በመደብርና በጽሕፈት ቤት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሰሊጡ ከሁመራና ከመተማ ቆላ፥ ጨው ከአፍዴራ፥ ቡናው ከእርሻው ዳር ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ የነጋዴው ገንዘብ በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው። አስፋልቱ ካበቃበት ሥፍራ ወዲያ ደግሞ፥ ዋልካው፥ አሸዋውና ስለታሙ ድንጋይ በሚጀምርበት፥ የዕቃው ዕድል በሾፌሩና በረዳቱ እጅ ላይ ይወድቃል።

ሾፌሮች ከጉዞ ሲመለሱ በሚያቀርቡት የወጪ ዝርዝር ላይ «ጎማ ለቆ ቆመን ዋልን» የምትል አጭር መስመር አልፎ አልፎ ትገኛለች። የጽሕፈት ቤት ሰው ይህችን መስመር «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ዓምድ ውስጥ አግብቶ ሒሳቡን ይዘጋል። ነገር ግን በዚያች መስመር ውስጥ የተሰወረው ሥራ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ሥራ መሆኑን የሚያስተውል ነጋዴ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በዝርዝር መመልከት የተገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጎማ ለቀቀ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

የጎማው ጠርዝ ተራ ላስቲክ አይደለም። በውስጡ የብረት ሽቦ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ይገኛል። ይህ ጠርዝ በቸርኬው ትከሻ ላይ ተጣብቆ እንዲቆም የሚያደርገው በውስጥ ያለው ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲያንስ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። በዚህ ጊዜ መኪናው በድንገት ቢታጠፍ፥ ወይም ጎማው ከጎኑ በድንጋይ ቢገፋ፥ ጠርዙ ከትከሻው ላይ ይንሸራተትና ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጎድጓዳ ሥፍራ ይወድቃል። ካላማዳሪ፥ ማለት የውስጥ ጎማ የሌለው ከሆነ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ጨርሶ ይወጣል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ የሾፌሩ ስንፍና ነው ማለት አይቻልም። በአሸዋ ላይ የሚሄድ ቀላል መኪና ጎማው ሰፋ ብሎ መሬት እንዲረግጥ ሲባል ነፋሱ ታውቆ ይቀነሳል። ይህ የታወቀና የሚጠቅም ዘዴ ነው። ሆኖም ነፋሱ ተቀንሶ ሳለ በፍጥነት መታጠፍ ጎማውን ከቸርኬው ያላቅቃል፤ ከአሸዋው ከወጡም በኋላ ነፋሱን ሳይመልሱ በድንጋይ መንገድ መሮጥ እንደዚሁ ነው። በከባድ መኪና ደግሞ የኋላው ጎማ መንታ ስለሆነ፥ የውስጠኛው ነፋስ ሲጐድል ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው አይታይም። ጓደኛው ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ የጐደለውም እየተጨፈለቀ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ሁለቱን የቸርኬ ዓይነቶች መለየት

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ቸርኬ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው ወጥ ነው፤ ከአንድ አካል የተሠራና መካከሉ ጎድጎድ ያለ ሲሆን፥ ካላማዳሪ የሌላቸው የ22.5 ኢንች የከባድ መኪና ጎማዎች የሚገጠሙት በዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ተነጣጣይ ነው፤ ጎማው ከገባ በኋላ በጎኑ የብረት ቀለበት ይታሰርበታል። ካላማዳሪ ያላቸው እንደ 10.00-20 እና 12.00-20 ያሉ ጎማዎች፥ እንዲሁም ብዙዎቹ የ7.50-16 ጎማዎች የሚገጠሙት በዚህኛው ላይ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የተነጣጣዩ ቸርኬ ቀለበት በሚገባ ሳይቀመጥ ነፋስ ቢሞላ፥ ቀለበቱ እንደ መድፍ ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል። ኃይሉን ለመረዳት ነጋዴ በሚያውቀው ሚዛን እናስላው። የከባድ መኪና ጎማ በ7 ባር ያህል ይሞላል፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 7 ኪሎ ያህል ይገፋል ማለት ነው። ስፋቱ 2000 ካሬ ሳንቲ ሜትር በሆነ ሥፍራ ላይ ግፊቱ 14000 ኪሎ፥ ማለት 140 ኩንታል ይሆናል። የአንድ ትልቅ ጎማ ጎን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ስፋት አለው። እንግዲህ ጎማውን በጉልበቱ ደግፎ ነፋስ የሚሞላው ረዳት ፊቱን ያስጠጋው ከአንድ መኪና ሙሉ እህል ክብደት ጋር ነው።

ስለዚህም በዱር መንገድ ላይ ቀለበት ያለው ጎማ ከለቀቀ፥ መፍትሔው በዚያው መጠገን ሳይሆን በተቀያሪ ጎማ መተካት ነው። የለቀቀውም የብረት ፍርግርግ መከላከያ ወዳለው ጎሚስታ ይወሰዳል። ጎማው በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ሲሞላ፥ ቀለበቱ ቢፈናጠር እንኳ ብረቱ ይመክተዋል።

በወጥ ቸርኬ ላይ ጎማን መልሶ ማስቀመጥ

ወጥ ቸርኬ ያለው ጎማ ግን ሽቦው ካልተበጠሰና ቸርኬው ካልተጣመመ በመንገድ ላይ ሊመለስ ይችላል። የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መኪናው በደልዳላ ሥፍራ ይቆማል፤ የቀሩት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይታገዳሉ። መሬቱ አሸዋ ወይም ዋልካ ከሆነ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ይነጠፋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይገባም።

2ኛ፤ የጎማው ጎንና ጠርዝ ዙሪያውን በእጅና በዓይን ይመረመራል። የተቆረጠ፥ ያበጠ፥ ወይም ሽቦው የታየ ከሆነ ሥራው በዚህ ይቁም። ነፋስ ጐድሎበት ረዥም መንገድ የሄደ የብረት ክር ጎማም አይታመንም፤ በጎኑ ውስጥ ያሉት ክሮች ከመታጠፍ ብዛት ስለሚበጠሱ፥ እንደገና ሲሞላ ጎኑ እንደ ዚፕ ተተርትሮ ይፈነዳል።

3ኛ፤ በጠርዙና በቸርኬው መካከል የገባው አሸዋ፥ ጠጠርና ዝገት ተጠርጎ ይወጣል። አንዲት ጠጠር ብትቀር ነፋሱ በዚያ ሾልኮ ይወጣል።

4ኛ፤ ጠርዙ በወፍራም የሳሙና ውሃ ይቀባል። ዘይት፥ ግራሶ ወይም ቤንዚን ከቶ አይቀባም፤ ላስቲኩን ያበላሻሉ፤ ቤንዚን ደግሞ እሳት ይጠራል።

5ኛ፤ በነፋስ መግቢያው ውስጥ ያለችው ትንሽ መርፌ ትወጣለች። መርፌዋ ስትወጣ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ነፋሱ በብዛትና በፍጥነት ይገባል፤ ጠርዙን ወደ ቦታው የሚገፋውም ይኸው ፍጥነት ነው።

6ኛ፤ ነፋሱ በዙሪያው የሚያመልጥ ከሆነ፥ የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ በጎማው መርገጫ ላይ ዙሪያውን ታስሮ ይጠበቃል። መርገጫው ወደ ውስጥ ሲጨመቅ ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውጭ ይገፋሉ። ቀበቶ ከሌለ ጠንካራ ገመድ በእንጨት እየተጠመዘዘ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ጠርዞቹ ነፋስ መያዝ እንደ ጀመሩ ማሰሪያው ወዲያውኑ ይፈታል፤ ግፊቱ ከበረታ በኋላ ቢበጠስ ሰው ይገርፋል።

7ኛ፤ ቸርኬው በመኪናው ላይ እንዳለ ብሎኖቹ በሙሉ ጠብቀው ነፋስ ይሞላል። የቱቦው አፍ በራሱ ነክሶ የሚይዝ፥ ቱቦውም ረዘም ያለ ሊሆን ይገባል። የሚሞላውም ሰው ከጎማው ጎን ፊት ለፊት ሳይሆን በመርገጫው አቅጣጫ ራቅ ብሎ ይቆማል።

8ኛ፤ ጠርዞቹ ቦታቸውን ሲይዙ ሁለት ጊዜ ጮኸው ይሰማሉ። የቀላል መኪና ጎማ 2.75 ባር ደርሶ ጠርዙ ቦታውን ካልያዘ ከዚያ በላይ አይገፋም፤ ነፋሱ ይወጣና እንደገና በሳሙና ይቀባል። ከጠርዙ ጥቂት ከፍ ብሎ በጎማው ጎን የሚዞር ቀጭን መስመር አለ። ይህ መስመር ከቸርኬው ጫፍ በዙሪያው እኩል ርቀት ካለው ጎማው በትክክል ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚህም በኋላ መርፌዋ ተመልሳ፥ ነፋሱ እስከ ተወሰነው ልክ ይሞላል። ጥቂት ከተጓዙ በኋላም ቆሞ እንደገና መለካት ይበጃል።

የነፋስ ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪናዎች የራሳቸው የነፋስ ጋን ስላላቸው፥ ተስማሚ ቱቦና መግጠሚያ ከተገኘ ከዚያው መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ጋኑ ሲጐድል የፍሬኑም ኃይል ይጐድላል። ስለዚህ ሞተሩ ሠርቶ ጋኑ እስኪሞላ ድረስ መኪናው ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም።

ስለ እሳቱ

ኮምፕሬሰር የሌለው ሾፌር ግን ሌላ ዘዴ ያውቃል። ቤንዚን፥ ወይም ሞተር ለማስነሣት የሚረጨውን ኤተር፥ ወይም የምድጃ ጋዝ በጎማው ውስጥ ነፍቶ ክብሪት ይለኩሳል። ጋዙ በቅጽበት ነድዶ ሲስፋፋ ጠርዙን አስፈንጥሮ በቦታው ያስቀምጠዋል። ዘዴው በልዩ ልዩ አገር በዱር መንገድ ተጓዦች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ መስራቱም አይካድም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የተረጨውን መጠን የሚለካ መሣሪያ በመንገድ ላይ የለም። ጥቂት ከበዛ የሚነሣው ግፊት ሽቦውን ይበጥሳል፥ ጎማውን ይቀድዳል፥ የለኮሰውንም ሰው ፊት ያቃጥላል። ሳይነድ የቀረው ጋዝ ደግሞ በጎማው ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ኋላ በሌላ ከተማ ነገሩን የማያውቅ በያጅ በዚያው ቸርኬ ላይ እሳት ቢያስጠጋ የሚሞተው እርሱ ነው። ከዚህም ሌላ፥ የነደደው ጋዝ ሲበርድ ስለሚሰበሰብ ጎማው ነፋስ ካልተጨመረለት ተመልሶ ሊለቅ ይችላል። እንግዲህ ከእሳቱም በኋላ ኮምፕሬሰር ማስፈለጉ ካልቀረ፥ እሳቱ ያተረፈው ነገር ምንድን ነው? «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

በአሜሪካ አገር የሠራተኞችን ደኅንነት የሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ተነጣጣይ ቸርኬዎች ደንብ አወጣ፤ በ1984ም ወጥ ቸርኬዎችን ጨመረበት። ደንቡ ተነጣጣይ ቸርኬ ያለው ጎማ ያለ መከላከያ እንዳይሞላ፥ ሠራተኛው ቀለበቱ ሊፈናጠር ከሚችልበት አቅጣጫ እንዲርቅ፥ በማናቸውም ቸርኬ ላይ እሳት እንዳይደረግ ያዝዛል። ነፋሱ ከተወሰነው ልክ 80 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የተነዳ ጎማም ነፋሱ ሁሉ ወጥቶለትና ተፈትቶ ሳይመረመር እንዳይሞላ ይከለክላል። ይህ ጥንቃቄ የትም አገር ላለ ጎማ የሚስማማ ነው፤ የነፋስ ጠባይ በአገር አይለያይምና።

የነጋዴው ድርሻ

ሾፌሩ ወደ እሳት የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ክፍያው በምልልስ ከሆነ፥ ለዘገየበት ቀን ገንዘብ የሚቀነስበት ከሆነ፥ በመኪናውም ላይ ኮምፕሬሰር ካልተጫነለት፥ ክብሪቱን በእጁ ያስያዝነው እኛ ነን። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ከባለ ንብረቱ ይጠበቃሉ።

ከአስፋልት ለሚወጣ መኪና ሁሉ በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ወይም ከነፋስ ጋኑ የሚገጠም ረዥም ቱቦ፥ የነፋስ መለኪያ፥ ሳሙና፥ የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ፥ የመርፌ መፍቻና ትርፍ መርፌዎች፥ ሳንቃና ደኅና ተቀያሪ ጎማ ይሰጠው። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ መኪናው ከተሸከመው ሰሊጥ ወይም ቡና ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በማጓጓዣው ውል ላይም ጎማ በደንቡ ለመጠገን የጠፋው ሰዓት እንደ መዘግየት እንደማይቆጠር አንድ መስመር ይጻፍ። ላኪውም የመርከቡን ቀን ሲቆጥር ለዚህ የሚሆን ጊዜ አስቀድሞ ይተው።

አስመጪዎች ጎማና ቸርኬ ሲያዝዙ ልኩን አጥብቀው ይጠይቁ። የ16 ኢንች ጎማ በ16.5 ኢንች ቸርኬ ላይ የገባ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠርዙ ከቶ በቦታው አይቀመጥም፤ ይቀመጥ ብሎ ነፋስ መጨመርም ሰው የገደለ ስሕተት ነው። የአንዱ ሠሪ ቀለበት ከሌላው ቸርኬ ጋር ሲመሳሰል ቢታይም አቀላቅሎ መሸጥ አይገባም። ባለ ሱቆች ደግሞ ከጎማው አጠገብ መርፌ፥ መለኪያና የጎማ ሳሙና ቢያኖሩ ለራሳቸው ትርፍ፥ ለገዢው ደኅንነት ነው።

የተበላሸ ጎማ በገንዘብ ይተካል፤ የዘገየ ጭነትም ውሎ አድሮ ይደርሳል። የረዳቱ ዓይንና እጅ ግን ከየትም አገር አይመጣም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ኮምፕሬሰሩ መጫኑን ማየት የእያንዳንዱ ባለ ንብረት ተግባር ነው።