የማዳበሪያ ድጎማ ከገበሬው እጅ የሚገባው መቼ ነው?

አንድ ገበሬ ከማኅበሩ መጋዘን ማዳበሪያውን በአህያ ጭኖ ሲወጣ በእጁ የያዘው ደረሰኝ ነው። ድጎማ ተብሎ የሚቆጠርለት ገንዘብ የለም። ማዳበሪያው ተገዝቶ አገር ውስጥ እስኪገባ በወጣው ወጪና ገበሬው በሚከፍለው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍነው መንግሥት ስለሆነ፣ ድጎማው ያለው በኩንታሉ ዋጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩንታሉን ያላገኘ ገበሬ ድጎማውንም አላገኘም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች የስም ዝርዝር ይዘው በተቀመጡ ቁጥር ገንዘብ እያከፋፈሉ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ በመሆኑ የብር ምንዛሪ ሲነካ ገበሬው ወዲያው ይሰማዋል። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲደርስ፣ በ207 ብር ይገባ የነበረው የመቶ ዶላር ማዳበሪያ 500 ብር ጠየቀ። በዚያው ዓመት መንግሥት የዋጋውን ከፊል መደጎም ቢጀምርም ድጎማው በ1989 ዓ.ም. ተነሣ። ገበሬውም ሙሉውን ዋጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በብድር፣ ራሱ ቻለ። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ምርቱ ሞልቶ ሳለ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈል ያቃታቸው ብዙዎች ነበሩ።

በ2014 ዓ.ም. ቀድሞ የጀመረው የማዳበሪያ ዋጋ ንረት በዩክሬን ጦርነት ሲብስ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለድጎማ መደበ። ይሁን እንጂ በተከታዩ ዓመት፣ በሰኔ 2015፣ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው እስከ ባሕር ዳር ሄደው አቤት አሉ። ዋጋው ተደጉሞም ዕቃው በወቅቱ ካልደረሰ ለእነርሱ ድጎማ አልነበረም።

ወቅቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቅበት ምክንያት አለ። ከዘር ጋር የሚገባው ማዳበሪያ ዋና ጥቅሙ ፎስፎረስ ነው። ፎስፎረስ ደግሞ እንደ ናይትሮጅን ከውኃ ጋር ወደ ሥር አይወርድም። በዘር ቀን ከዘሩ አጠገብ ካልዋለ በኋላ ከላይ ቢበተን እምብዛም አይረዳም። ዩሪያ ግን ተከፍሎ ሰብሉ ካደገ በኋላም ይጨመራል። እንግዲህ ጤፍ ተዘርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ኩንታል ለከርሞ የሚቀመጥ፣ ወይም ለነጋዴ የሚሸጥ ይሆናል።

ሌላው ችግር ከዝርዝሩ ይነሣል። ዝርዝሩ በመሬት ባለይዞታ ስም ብቻ ሲዘጋጅ፣ ሌላ ሰው መሬት ላይ በእኩል የሚያርሰው ገበሬ ስሙ አይገኝም። የማዳበሪያውን ወጪ የሚችለው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ባለይዞታው በስሙ ያወጣውን ገበያ ወስዶ ቢሸጠው አራሹ ያንኑ ማዳበሪያ በነጋዴ ዋጋ ይገዛል። መሬቷን ለእኩል የሰጠች ባልቴትም አራሹ ማን እንደሆነ በመዝገቡ ላይ ካልተጻፈ ከክርክር አትድንም። የሥራ አመራር አባላት ስም ከሁሉ በፊት ተጽፎ ሲገኝ ደግሞ ሕዝቡ ምን እንደሚል መሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ለዚህ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ባለይዞታውና አራሹ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የእያንዳንዱ ድርሻ በኪሎ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበብ። ከፋዩ የቀረበት ኩንታል ካለም ለማን እንደተላለፈ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ማዳበሪያው ከመምጣቱ ከብዙ ወራት በፊት፣ ፍላጎት ከቀበሌ ተሰብስቦ ወደ ወረዳ ሲላክ ነው። ግዥው የሚፈጸመው በዚያ ቁጥር መነሻነት ስለሆነ፣ በችኮላ የተገመተ ቁጥር በሰኔ እጥረት ሆኖ ይመለሳል። የተረፈ ዩሪያ ካለ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር አለበት፤ እርጥበት ስቦ ከደደረ በኋላ ለመበተን ያስቸግራል።