የግራፍ ዳታቤዝን መጠባበቂያ ቅጂ ስለ መያዝና መልሶ ስለ ማቆም

በአገራችን በብዙ ስፍራ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቈጥራሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የሰዎቹ ስም ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ተወለደ የሚለው ነው እንጂ። አንድ ሽማግሌ መቶ ስም ቢያውቅና የአንዱን አባት ቢዘነጋ፣ ዘመዳሞች እንደ ባዕድ ሆነው ይገኛሉ። ይህን ምሳሌ አስቀድመን ያመጣነው እኛም ከሽማግሌዎች የሰበሰብነውን የዘር ቈጠራ በግራፍ ዳታቤዝ ውስጥ ስላስቀመጥንና መጠባበቂያ ቅጂውን በአግባቡ ባለመያዛችን ስለ ተጐዳን ነው።

ግራፍ ዳታቤዝ ማለት ነገሮችንና በነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት እኩል አድርጎ የሚመዘግብ የመረጃ ቋት ነው። በተለመደው የሰንጠረዥ ዳታቤዝ መረጃው በረድፍና በዐምድ ይቀመጣል፤ ግንኙነቱም የሚገኘው የአንዱን ሰንጠረዥ ቍጥር ከሌላው ጋር በማመሳከር ነው። በግራፍ ግን እያንዳንዱ ሰው ወይም ዕቃ «ኖድ» ይባላል፤ ሁለት ኖዶችን የሚያያይዘው ግንኙነትም የራሱ ስም፣ የራሱ አቅጣጫና የራሱ መዝገብ አለው። ከዚህ ዐይነት ዳታቤዞች በሰፊው የታወቀው በስዊድን አገር የተጀመረው ኒዮፎርጄ ሲሆን፣ 1.0 የተባለው እትሙ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የፓናማ ሰነዶች በተባለው ምርመራ ጋዜጠኞች በ11.5 ሚሊዮን ያህል ሰነዶች ውስጥ የተሸሸጉትን የኩባንያ ባለቤቶች እርስ በርስ ለማያያዝ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነበር።

የኒዮፎርጄ መረጃ በዲስክ ላይ የሚቀመጠው በአንድ ፋይል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ባገለገለው አቀማመጥ ኖዶች በአንድ ፋይል፣ ግንኙነቶች በሌላ ፋይል፣ እንደ ስምና ዕድሜ ያሉት ባሕርያት ደግሞ በሌላ ይጻፋሉ። (በኢንተርፕራይዝ እትም በኋላ የመጣው «ብሎክ» የተባለው አቀማመጥ ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ እዚህ አንገባበትም።) የአንድ ኖድ መዝገብ 15 ባይት፣ የአንድ ግንኙነት መዝገብ 34 ባይት ብቻ ነው። ኖዱ ግንኙነቶቹን ሁሉ አይዝም፤ የሚይዘው የመጀመሪያውን ግንኙነት አድራሻ ነው። ያ ግንኙነት ቀጥሎ ያለውን ያመለክታል፣ ያም ቀጣዩን፤ ልክ በመቍጠሪያ ክር ላይ እንደ ተሰካ ዶቃ። አንድ ግንኙነት ሁለት ጫፍ ስላለው በሁለት ክር ላይ ይሰካል። ስለዚህ «ከበደ የአለሙ ልጅ ነው» የሚል ግንኙነት ስንጨምር አዲሱ መዝገብ ይጻፋል፤ የከበደና የአለሙ ኖዶች ይለወጣሉ፤ ከዚያ በፊት በሁለቱ ክሮች ራስ ላይ የነበሩት ግንኙነቶችም አድራሻቸውን ያድሳሉ። አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አምስት ያህል ቦታ ትነካለች ማለት ነው።

እነዚህ ለውጦች ወይ ሁሉም ይጸናሉ፣ ወይም አንዱም አይጸናም፤ ይህም ትራንዛክሽን ይባላል። ለዚህ ዋስ የሚሆነው ሎግ የተባለው ፋይል ነው። ማናቸውም ለውጥ አስቀድሞ በሎጉ ላይ ይሰፍርና ወደ ዋናዎቹ ፋይሎች የሚዘዋወረው ቈይቶ ነው፤ ይህ መዘዋወሩ የሚጠናቀቅበት ጊዜ ቼክፖይንት ይባላል። እስከዚያ ድረስ ከፊሉ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይቈያል። እንግዲህ ዳታቤዙ በሥራ ላይ ሳለ እውነተኛው መልኩ በየትኛውም ፋይል ብቻውን አይገኝም።

እኛ ይህን ሳናውቅ ሰርቨሩ እየሠራ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥነው። በዚያው ሰዓት አንዱ ጓደኛችን ቀድሞ የገቡትን ሰዎች ከወላጆቻቸው ጋር ያያይዝ ነበር። የኖዶቹ ፋይል ቀድሞ፣ የግንኙነቶቹ ፋይል ዘግይቶ ተገለበጠ። ዳታቤዙ ሲከፈት ሎጉን አይቶ ጉድለቱን ባስተካከለ ነበር፤ ዳሩ ግን በመካከሉ ቼክፖይንት ስለ ተደረገና ሎጉ የተገለበጠው ከዚያ በኋላ ስለ ነበረ፣ የሚደገም ነገር የቀረ አልመሰለውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ሲበላሽ ወደዚህ ቅጂ ተመለስን። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። የሰዎቹን ቍጥር ጠየቅነው፤ ልክ ነበር። በዚህ ተደስተን ወደየቤታችን ሄድን።

የደስታችንን ስሕተት የተረዳነው በኋላ ነው። ኒዮፎርጄ የኖዶችን ጠቅላላ ብዛት ሲጠየቅ መዝገቡን አንድ ባንድ አይቈጥርም፤ ለብቻ ከያዘው የድምር መዝገብ አይቶ ይመልሳል። በማግሥቱ የአንዲት ሴትን ዘር ወደ ላይ ስንቈጥር አባት የሌላት ሆና አገኘናት፤ በደብተራችን ላይ ግን አባቷ፣ አያቷና ቅድመ አያቷ ተጽፈዋል። ግንኙነቱ በግንኙነቶች ፋይል ውስጥ ነበረ፤ የእርሷ ኖድ ግን የክሩን ራስ አያውቅም። በወረቀት መዝገብ የተቀደደ ገጽ ለዐይን ይታያል። በግራፍ ግን የጠፋ ግንኙነት «ዝምድና የላቸውም» የሚል መልስ ሆኖ ይቀርባል፤ ጠያቂውም ያምነዋል።

ትክክለኛው መንገድ ከባድ አይደለም። በነፃ በሚገኘው በኮሚዩኒቲ እትም ሰርቨሩን አቁሞ፣ «ኒዮፎርጄ-አድሚን» በተባለው መሣሪያ «ዳታቤዝ ዳምፕ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ነው። መረጃው በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ይወጣል። ከእትም 4.0 (2020 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዳታቤዙ ሁለት እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም፤ አንዱ መረጃችን ያለበት ሲሆን ሁለተኛው «ሲስተም» የሚባለውና የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል የሚይዘው ነው። ሁለተኛውን ያልገለበጠ ሰው በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ መረጃውን ያገኛል፣ ተጠቃሚዎቹን ግን አያገኝም። የማስተካከያው ፋይልና እንደ አፖክ ያሉት ተጨማሪ መሣሪያዎችም በዳምፑ ውስጥ ስለማይገቡ ለብቻ ሊቀመጡ ይገባል።

በክፍያ የሚገኘው የኢንተርፕራይዝ እትም ሥራው ሳይቆም ቅጂ ለመያዝ ያስችላል። መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ትራንዛክሽኖች ብቻ ይጨመራሉ። ይህ ጊዜ ይቈጥባል፤ ነገር ግን ከሰንሰለቱ መካከል አንዱ ቢጠፋ ከእርሱ በኋላ ያሉት አይረቡም።

መልሶ በማቆም ጊዜ ደግሞ «ሎድ» የሚለው ትእዛዝ ነባሩን ዳታቤዝ ካልተፈቀደለት አይተካም። ፈቃዱን ከመስጠት በፊት የተበላሸውንም ቢሆን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይበጃል፤ ፍርስራሹ ውስጥ የሚተርፍ ነገር ይኖራልና። ትእዛዙን የስርዓቱ ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ የሰጠ ሰው ፋይሎቹ በአስተዳዳሪው ስም ስለሚመዘገቡ ሰርቨሩ ሊከፍታቸው ያቅተዋል፤ እኛም በዚህ ግማሽ ቀን አጥፍተናል። በአዲስ እትም የተሠራ ዳምፕ በአሮጌ እትም ላይ ይነሣል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከቆመም በኋላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ቼክ» የተባለውን ትእዛዝ መስጠት ያሻል፤ ይህ ክሮቹን ተከትሎ የተበጠሰውን ይናገራል።

ከዳምፑ ጎን በተራ ጽሑፍ፣ ማለት በሲኤስቪ ፋይል፣ ማስቀመጥም መልካም ነው። የፓናማ ሰነዶችን የመረመረው ዓለም አቀፍ የጋዜጠኞች ማኅበር የባሕር ማዶ ኩባንያዎችን መረጃ ለሕዝብ ሲያቀርብ በሁለቱም መልክ አድርጎ ነው። ጽሑፉን ማንኛውም ፕሮግራም ያነበዋል። ጉድለቱ የኖዶቹ ውስጣዊ ቍጥር በሚመለስበት ጊዜ ስለሚለወጥ፣ በዚያ ቍጥር የተመሠረተ ማናቸውም የውጭ ማስታወሻ ሰው ያሳስታል። ስለዚህ እኛ ለእያንዳንዱ ሰው ከደብተሩ ገጽ የተወሰደ የራሳችንን መለያ ሰጥተናል።

አሁን በየወሩ ዳምፑን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እናቆማለን። ከደብተሩም ሦስት ሰዎች በዕጣ መርጠን የእያንዳንዳቸውን ዘር ሽማግሌዎቹ እስከ ነገሩን ድረስ በእጅ እንቈጥራለን፤ ዳታቤዙም እስከዚያው ድረስ ካልቈጠረ ቅጂውን አንቀበለውም። የጠፉትን ግንኙነቶች አብዛኞቹን ከደብተሩ መልሰናል። የአንድ ቤት የእናት ወገን ግን በድምፅ ብቻ ተቀድቶ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ የገባ ነበር፤ ቅጂው የተቀመጠውም በዚያው በተበላሸው ዲስክ ላይ ነው። የነገሩን አዛውንት በመካከሉ ስላረፉ፣ ከአራተኛው ቤት በላይ ያሉት ስሞች እስከ ዛሬ ሳይያያዙ ተቀምጠዋል።