የታላማንካው ኦክና የሥሩ ባልንጀራ

ኦክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን ቀዝቃዛ አገር ነው። በሐሩር ክልል በምትገኘው በኮስታሪካ ግን፣ በታላማንካ ተራሮች ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጉም የማይለየው ታላቅ የኦክ ደን አለ። አንዳንዱ ዛፍ 40 ሜትር ይደርሳል፤ ከቅርንጫፉም የዛፍ ሽበት ይንጠለጠላል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከመሬት በታች ያለው ነው።

የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርገው ጥቁሩን አፈር በጣት ጫር ጫር ቢያደርጉት ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ። ጫፎቻቸው ወፈርና አጠር ያሉ ናቸው፤ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ጥቁር ሽፋን እንደ ጓንት አጥልቀዋል። ሽፋኑ የዛፉ አካል ሳይሆን ፈንገስ ነው። ክሮቹ በሥሩ የውጭ ሕዋሳት መካከል እየተሹለከለኩ መረብ ይሠራሉ እንጂ ሕዋሱን አይበሱም። ልውውጡ የሚካሄደው በዚህ መረብ ላይ ነው።

ሌሎቹ ክሮች ወደ አፈሩ ይሰማራሉ። ከሥር በጣም ስለሚቀጥኑ ሥር በማይደርስበት ቀዳዳ ገብተው ውሃ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይለቅማሉ። በተራራው ብርድና እርጥበት የረገፈ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ናይትሮጅኑም በውስጡ ታስሮ ይቆያል። ከፈንገሶቹ አንዳንዶቹ ይህን እስር የሚፈታ ኢንዛይም አላቸው። ዛፉ በበኩሉ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ይሰጣል፤ ከምርቱ እስከ አምስተኛ እጅ ለፈንገሱ ሊያወጣ እንደሚችል ይገመታል።

ዝናቡ ሲበረታ ይህ የተደበቀ ሕይወት እንጉዳይ ሆኖ ብቅ ይላል። ከሁሉ የሚያምረው ላክታሪየስ ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ እንጉዳይ ነው። ሲቆርጡት ሰማያዊ ወተት ያንጠባጥባል፤ ወተቱም አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በሜክሲኮና በጓቲማላ ሰው ይበላዋል። በታላማንካው ደን ከሚበቅሉት፣ አማኒታ ከሚባሉት እንጉዳዮች መካከል ግን መርዛሞች አሉና፣ የማያውቁትን እንጉዳይ መልቀም አይገባም።

ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ለዚህ ጥምረት ማይኮራይዛ የሚል ስም ያወጣለት በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው የተጀመረው በፕሩሺያ ትራፍል የተባለውን ውድ እንጉዳይ ማልማት ይቻል እንደሆነ በማጥናት ነበር። ፈንገሱ ዛፉን ይመግባል ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ ፈንገስን የሚያውቁት በበሽታ አምጪነቱ ነበርና።

አብዛኞቹ የሐሩር ክልል ዛፎች ሌላ ዓይነት ፈንገስ ነው ያላቸው፤ ሕዋስ ውስጥ የሚገባና እንጉዳይ የማያወጣ። ኦክ ግን ከሰሜን የመጣ እንግዳ ነው። የፓናማ ልሳነ ምድር ሁለቱን አህጉሮች ካገናኘ በኋላ ወደ ደቡብ እየወረደ ኮሎምቢያ ደርሷል፤ በዚያ የሚገኘው የሁምቦልት ኦክ በደቡብ አሜሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ኦክ ነው። ከሥሩም ብዙ የሰሜን አሜሪካ እንጉዳዮች ይገኛሉ። ዛፉ ብቻውን አልተጓዘም ማለት ነው።

በታላማንካ ብዙ ኦክ ለከሰልና ለግጦሽ ተቆርጧል። ዛፉ ሲወድቅ ስኳሩ ይቋረጣል፣ ፈንገሱም ይመነምናል። ከነባር ኦክ ርቆ በሣር ሜዳ መካከል የተተከለ ችግኝ አጋሩን ስለማያገኝ ብዙ ጊዜ ይቀጭጫል። ፍሬውን ብቻ ወስዶ ደኑን መልሻለሁ ማለት አይቻልም።

ኢትዮጵያ የራሷ ኦክ የላትም። የጽድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ ሥሮች ግን ያንን ሕዋስ ውስጥ የሚገባውን ፈንገስ እንደያዙ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የአገር ዛፍ የምታፈሉ ሁሉ፣ የችግኝ ፕላስቲኩን ስትሞሉ ከእናት ዛፉ ሥር ጥቂት አፈር ጨምሩበት።