ልጅ ቁጥርና ፊደል እቤቱ እንዴት ይይዛል?

ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ላይ ልጁን ኦ ክፍል ያስገባ ወላጅ፣ በተለይ ራሱ ፊደል ያልቆጠረ ከሆነ፣ «እኔ ምን አውቄ፤ መምህሩ ያውቃል» ይላል። ይህ አባባል ያሳዝነኛል። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል ልጁን ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው የሚቀበለው። እስከዚያ ድረስ ያስተማሩት እነማን ናቸው?

ከቁጥር እንነሣ። የአራት ዓመት ልጅ እስከ ዐሥር ሲቆጥር ብንሰማ ቃላቱን በተራ ይዟቸው ነው እንጂ አምስት ስንት እንደሆነ ገና ላይገባው ይችላል። ቡና ሲፈላ እናት «የኔ እናት፣ ስኒ አምጪ፤ ለአንድ ሰው አንድ» ትላለች። ልጅቷ እንግዶቹን በዓይኗ እየዞረች ታድላለች። አንድ ስኒ ይተርፋል። «ይኼስ የማን ነው?» ስትባል ቆም ብላ እንደገና ትቆጥራለች። የስኒውና የሰው ቁጥር መግጠም እንዳለበት የምትረዳው እዚያች ቆም ያለችበት ላይ ነው። እናት ቸኩላ «የማንም አይደለም፣ መልሺው» ካለች ግን ትምህርቱ አመለጠ።

ቅልልቦሽን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። ጠጠሩ አምስት ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሲወረወር አራቱ መሬት ላይ ናቸው። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስቱን ባንድ ላይና የቀረውን ለብቻ፣ በመጨረሻም አራቱን ባንዴ ማፈስ ነው። አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈል የልጅቷ እጅ ያውቀዋል፤ አንደኛ ክፍል ስትገባ መደመር አዲስ አይሆንባትም። ስለዚህ «ጠጠር ከምትለቅሚ አጥኚ» ብሎ መቆጣት አይገባም።

እንቆቅልሽ የሚሠራው በቃላት ላይ ነው። «ቀን ተጠቅልሎ ማታ የሚዘረጋ?» ያሉት ልጅ ቤቱን በሐሳቡ ይዳስሳል፤ ጃንጥላ ይላል፣ ጃንጥላማ ማታ አይዘረጋም ይባላል፤ ጥቂት ቆይቶ ቁርበት ይላል። አያት መልሱን ሳይነግሩ በጠበቁ ቁጥር ልጁ አንዱን ነገር በሁለት ጠባዩ መለየትን ይለምዳል።

ፊደል ላይ አገሩ የቆየ ጥበብ አለው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ደብረ ወርቅ አንዱ ነው፤ ደብረ ኤልያስና ዲማም አሉበት። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ ሂ ይላል። ነገር ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ አፉ ብቻ ሊሄድ እንደሚችል የኔታ ያውቃሉ። አቡጊዳ የመጣው ለዚህ ነው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ስለተቀያየረ በቃል የያዘው አያድነውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል።

ኦ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። የ2015ቱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። መልካም ነው፤ ሆኖም አንድ መምህር ብዙ ልጅ ይዞ በኅብረት ሲያስቆጥር ማን እንደለየና ማን እንደተከተለ መስማት ይቸግረዋል። በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ የቤቱ ድርሻ ከፍ ብሏል።

ያልተማረች እናት ፊደል ማስቆጠር ባትችልም መፈተን ትችላለች። ወረቀት መሐሉን ቀዳ ፊደል ገበታው ላይ ታስቀምጥ፤ አንድ ፊደል ብቻ ይታይ። ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተች «ይኼ ማነው?» ትበል። ልጁ ወዲያው ከተናገረ መልካም። ከሀ ጀምሮ በለሆሳስ እየቆጠረ ከወረደ ግን ያን ፊደል ገና አልለየውም፤ ይህን ለመስማት ደግሞ ማንበብ አያስፈልጋትም።