ባትሪው ወደ ኋላ፣ ሒሳቡ ወደ ፊት

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ኮፈኑን አስከፍቶ ባትሪውን በቦታው ሲያጣው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌባን ነው። ባትሪው ግን አልተሰረቀም፤ ከኋላ፣ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ተቀምጧል። ደላላው «ሥራ የተሠራላት ናት» ብሎ ዋጋ የሚጨምርበት፣ ገዢው ደግሞ «የተነካካች ናት» ብሎ ዋጋ የሚያወርድበት ነጥብ ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዘመኗን የጨረሰችው ቮልስዋገን ቢትል ባትሪዋን የምትሸከመው ከኋላ ወንበር ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒም ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ነው ያስቀመጠችው። ቢ.ኤም.ደብሊው ደግሞ በብዙ ሞዴሎቹ ክብደቱን ከፊትና ከኋላ ለማመጣጠን ሲል ይህንኑ ያደርጋል። ልዩነቱ እነዚያ ከፋብሪካ ታስቦባቸው መውጣታቸው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ግብር አከበደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በእጁ ያለውን መኪና ከመለወጥ ይልቅ በላዩ ላይ ገንዘብ ማፍሰስን የመረጠ ባለንብረት ቢኖር አይፈረድበትም። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሚስበው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ይህንን ይክሳል፤ ነገር ግን ቱቦውና የአየር ማቀዝቀዣው ቦታ ይፈልጋሉ። ከ12 እስከ 16 ኪሎ የሚመዝነው ባትሪ ያን ጊዜ ነው ቦታ እንዲለቅ የሚጠየቀው።

ሣጥን ማበጀትና በብሎን ማሰር ቀላሉ ሥራ ነው። ወጪውም አደጋውም ያለው ኬብሉ ላይ ነው። ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ሞተሪኖው 200 አምፒር ያህል ሊስብ ይችላል። ይህ ኃይል በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል አምስት ሜትር ሲጓዝ ከ12 ቮልቱ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ግን የሚጠፋው 0.35 ቮልት አካባቢ ነው። ቀጭኑ ውስጥ ያለው መዳብ 0.7 ኪሎ ገደማ ሲሆን ወፍራሙ 2.2 ኪሎ ይደርሳል። መዳብ የሚሸጠው በዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በለንደን ገበያ ቶኑ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ሒሳቡ እጥፍ ድርብ ሆነ።

ማጭበርበሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ኬብል ከላይ ሲታይ መዳብ ይመስላል፤ ኃይል የማስተላለፍ ችሎታው ግን ከመዳቡ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በእጅ ሲመዝኑትም ይቀላል። ሻጭ ፊት መፋቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከዋጋው የሚብሰው እሳቱ ነው። ፖዘቲቩ ኬብል የመኪናውን ርዝመት ሙሉ ከብረት ጋር እየተሻሸ ይጓዛል። ልባሱ አንድ ቦታ ላይ ከተላጠ ባትሪው ያለ የሌለውን ኃይል በዚያች ነጥብ ያወርዳል። ስለዚህ ፊውዙ የሚቀመጠው ከሞተሩ ዘንድ ሳይሆን ከባትሪው አፍንጫ ሥር ነው። ብረት በሚበሳበት ቦታ ሁሉም የጎማ ቀለበት ይገባል። ውኃ የሚሞላው ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ተሳፋሪ ካለበት ክፍል ጋር በተያያዘ ቦታ ከተቀመጠ የተዘጋ ሣጥንና ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ የግድ ነው። ይህን ሁሉ ያየ ባለንብረት አንዳንዴ አነስ ያለ ባትሪ ገዝቶ እዚያው ፊት ለፊት ቢያዞረው ይሻለው ነበር፤ መጀመሪያ በሜትር የሚለካ ግን ጥቂት ነው።

ገዢ የኋላውን ምንጣፍ ገልጦ ፊውዙን ይፈልግ። ከዚያም ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱን አንዴ ባትሪው ላይ፣ አንዴ ሞተሪኖው ላይ ያስለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ኬብሉ ቀጥኗል ወይም ማያያዣው ላልቷል፤ ደላላው «ሥራ የተሠራላት» ብሎ የጨመረው ገንዘብ ያኔ ይቀነሳል።