ለበርገር አንድ ከባድ መጥበሻ
ቤት ውስጥ በርገር ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ደግሞ በመጀመሪያ ከባድ የብረት መጥበሻ ነው። የበርገር ጣዕም ያለው ቡናማ ሆኖ በተጠበሰው ገጽታው ላይ ሲሆን፣ ይህም የሚመጣው የሥጋው ላይኛ ክፍል 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሶ ሲያልፍ ነው። ቀዝቃዛ ሥጋ ስስ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ የመጥበሻው ሙቀት ወዲያው ይወርዳል፤ ሥጋው ውኃውን ይለቅና በመጠበስ ፈንታ ይቀቀላል። ወፍራም ብረት ግን ሙቀት አምቆ ስለሚይዝ ሥጋው ቸስ ማለቱን አያቆምም።

«ቴፍሎን አይሻልም ወይ? ሥጋው አይጣበቅበትም፣ ለማጠብም ይቀላል» የሚል ይኖራል። ለእንቁላል እውነት ነው። በርገር ግን ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል፤ የቴፍሎን ቅብ ደግሞ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል። ከሰል የሚመርጡም አሉ፤ ጭሱ ጥሩ መዓዛ ይሰጣል፣ ስቡ ግን እሳቱ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል። ሥጋውን ጠፍጥፎ ቅርጽ የሚያስይዘው የበርገር መጫኛ የሚባለው መሣሪያ ትርፍ ወጪ ነው፤ እጅና ጠፍጣፋ ክዳን ያንኑ ይሠራሉ። የሥጋ ቴርሞሜትር ግን ቅንጦት አይደለም። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ቀለሙ መለወጡም መብሰሉን አያረጋግጥም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። ገንዘብ ካጠረዎ መጫኛውን ይተዉና ቴርሞሜትሩን ይግዙ።